ፀሐይ እስክትጠልቅ

በጎጃም፣ በእነማይም ሆነ በሁለት እጁ እነሴ ገጠር፣ መንገደኛ ከአጥር ውጪ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ውሃ ቢጠይቅ የሚከለክለው የለም። ጠላ ካለ ጠላ ይቀርብለታል፤ ከሌለ ባለቤቶቹ «ባዶ ውሃ ሆነብዎ» እያሉ አፍረው በጣሳ ይሰጡታል። ከቢቸና ገበያ የሚመለስ ነጋዴም፣ ወደ ዲማ የሚያዘግም የቆሎ ተማሪም፣ ከሞጣ ወደ ሰባራ ድልድይ የሚወርድ መንገደኛም እኩል ያገኛል። ዘሩ፣ ሃይማኖቱ፣ ኪሱ አይጠየቅም። ውሃ የነፈገ ቤት ስሙ ባለቤቱ ከሞተም በኋላ ይነሣል።

ይህን ልማድ የሚያውቅ ሰው፣ ውሃ ሰብአዊ መብት ነው ተብሎ በኒው ዮርክ አዳራሽ በድምፅ መወሰኑን ሲሰማ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። እኛ ዘንድ ውሃ የእግዜር ነው። በእግዜር ነገር ላይ ማን እጁን አውጥቶ ድምፅ ይሰጣል?

ግን ጣሳውን ማን ሞላው? መንገደኛው ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው ደጃፍ ላይ ለተቀመጡት አባወራ ነው። ምርቃቱን የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ ጽድቁም በእሳቸው ስም የሚጻፍ ይመስላል። ምንጭ የወረደችው ልጅ ጓዳ ውስጥ እህል እያበጠረች ነው። ልግስናው የቤቱ፣ ሸክሙ የእሷ። ልማዳችን ውሃ መከልከልን ነውር ሲያደርግ ውሃ ማምጣትን ጨርሶ ከሂሳብ አውጥቶታል። ስለ ውሃ መብት በተወራ ቁጥር እኔ የማስበው መንገደኛው ስለሚጠጣው ጣሳ ሳይሆን ከጣሳው በስተኋላ ስላለው መንገድ ነው።

ሸክሙን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። እንስራ በመጫኛ ታስሮ ጀርባ ላይ ይታዘላል፤ ገመዱ ደረት ላይ ይያዛል፤ ውሃው እንዳይፈነጥቅ በአፉ ቅጠል ይጣልበታል። የተሸከመችው ጎንበስ ብላ ነው የምትሄደው፤ ቀና ካለች እንስራው ወደ ኋላ ይጎትታታል። ስለዚህ ከምንጭ የምትመለስ ሴት መንገዱን ሁሉ የምታየው መሬቱን ነው። ድንጋይ አደናቅፏት እንስራው የተሰበረባት ልጅ ቤት ስትደርስ ምን እንደሚጠብቃት ጎጃም ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ከልጅቷ ጉልበት ይልቅ ለሸክላው ነበር የሚታዘነው። ዛሬ ቢጫው ጀሪካን እንስራውን ተክቶታል። ክዳኑ የጠፋበት በቆረቆንዳ ይወተፋል፤ ቢወድቅ አይሰበርም። ይህን እንደ ትንሽ ነገር የሚያይ ሰው እንስራ ሰብሮ አያውቅም። ሆኖም 25 ሊትር ውሃ በሸክላም በላስቲክም ያው 25 ኪሎ ነው።

አገሩ የዲማ ጊዮርጊስ፣ የደብረ ወርቅና የመርጡለ ማርያም አገር ስለሆነ ነገርን በትርጓሜ ማየት ያምራል። የሳምራዊቷን ሴት ታሪክ እናንሣ። በቀትር ወደ ያዕቆብ ጉድጓድ መጣች፤ ጌታ ውሃ አጠጪኝ አላት፤ ከዚያ የጠጣው ሁሉ ዳግመኛ ስለማይጠማበት ውሃ ነገራት። እሷም ያንን ውሃ ለመነችው፤ እንዳልጠማም ውሃ ልቀዳም እንዳልመላለስ ስትል። መምህራኑ እዚህ ላይ ሲደርሱ ምሥጢሩ ገና አልገባትም ይላሉ፤ እሱ ስለ መንፈስ ይነግራታል፣ እሷ ስለ እንስራዋ ታስባለች። እኔ ግን ልመናዋን ከመምህራኑ ለየት አድርጌ ነው የምሰማው። በዚያ ጨዋታ ውስጥ ስለ መመላለስ ያነሣች እሷ ብቻ ናት። ጥማትን ወንዱም ሴቷም ያውቁታል፤ መንገዱን የሚያውቀው የሚቀዳው ነው። ወንጌሉም እንስራዋን ትታ ወደ ከተማ ሄደች ይላል፤ ይህችን ዝርዝር ጸሐፊው በከንቱ ያስገባት አይመስለኝም።

ስለ ጎጃም ውሃ የሚጻፍ ጽሑፍን ሁሉ ደጅ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ አንድ ተረት አለ፤ የዓባይ ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው። እኔ አልወደውም። ጥማትን የዕጣ ፈንታ ቀልድ ያስመስለዋል፤ ቀልድ ደግሞ ተጠያቂ የለውም። እውነቱ ያን ያህል ምሥጢር አይደለም። የጮቄ ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋና ሌሎችም ብዙ ወንዞች ከዚያ ይነሣሉ፤ ሁሉም ሸለቆ እየሰረሰሩ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ቢቸናና ሞጣ ያሉት ደጋው ላይ ነው፤ ዓባይ ከእነሱ በጣም ዝቅ ብሎ በበረሃ ውስጥ ያልፋል። ውሃው አለ፤ ያለው ግን ከእግር በታች ነው። ወደ ላይ የሚያወጣው ወይ ሞተር ነው ወይ ጀርባ። ክረምቱ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ሁሉ አራግፎ ይሄዳል፤ የካቲትና መጋቢት ሲደርስ ምንጩ እየቀጠነ፣ ወረፋው እየረዘመ ይመጣል። እንግዲህ ጥማቱን የሚያመጣው የቧንቧ፣ የመብራት፣ የመለዋወጫ ዕቃና የባለሙያ ነገር ነው። ሞተር ሲቃጠል መንገድ ከተዘጋ መለዋወጫው አይመጣም፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲበረታ መንገድ መዘጋት ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ይህ ሁሉ ሰው ሠራሽ ስለሆነ የሚጠየቅበት ሰው አለው። ተረቱ ይህን ይሸፍናል።

ከተማ ውስጥም ቢሆን ነገሩ ከአገር አገር አይለይም። ግቢው ቧንቧ ያለው በፈረቃው ሌሊት ተነሥቶ ሮቶውንና በርሜሉን ይሞላል፤ የሌለው ቦኖ ላይ ጀሪካኑን ያሰልፋል፤ ወረፋው የማይደርሰው ከጋሪ ይገዛል። በየትም አገር እንደሚታየው በሊትር ሲሰላ ብዙ የሚከፍለው ቧንቧ የሌለው ነው። ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው አልገፋበትም።

ይልቅ አንድ ቁጥር ላይ ልቁም። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው፣ አንድ የገጠር ሰው በቀን 25 ሊትር ውሃ ከ1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ እንዲያገኝ ታቅዶ ነበር። በፊተኛው ዕቅድ ልኩ 15 ሊትርና 1.5 ኪሎ ሜትር ስለነበር መሻሻሉ እውነት ነው። ለትልልቆቹ ከተሞች እስከ 100 ሊትር ተመድቧል፤ የገጠሩ ሰው አካል ከከተሜው በአራት እጅ ያነሰ ውሃ ይበቃዋል ያለው ማን እንደሆነ ዕቅዱ አይናገርም። ለጊዜው እሱን እንተወው። ስድስት ነፍስ ያለበትን ቤት እናስብ። 150 ሊትር ማለት ስድስት ጀሪካን ነው። ውሃው ልክ በወሰኑ ላይ፣ 1 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢገኝ አንዱ ምልልስ 2 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ስድስቱ 12 ኪሎ ሜትር፤ ግማሹ ከ25 ኪሎ ሸክም ጋር፣ በየቀኑ። ልብ በሉ፤ ይህ ዕቅዱ የከሸፈበት ቤት አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ ተሳክቷል ተብሎ ሪፖርት የሚደረግበት ቤት ነው። አህያ ካላቸው ይቀላል። ከሌላቸው ደግሞ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ 25 ሊትሩ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ቤቱ በሁለት ጀሪካን ያድራል፤ መጀመሪያ የሚቀረው ደግሞ መታጠቡ ነው።

የሊትር ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ በሕገ መንግሥቷ የውሃ መብትን በግልጽ የጻፈች አገር ናት። ሶዌቶ ውስጥ ፊሪ በሚባል ሰፈር የሚኖሩ ሰዎች ከተማው በነፃ የሚሰጠው በነፍስ ወከፍ 25 ሊትር አይበቃንም፣ 50 ይሁንልን ብለው ከሰሱ። ጉዳዩ በማዚቡኮ ስም ይታወቃል። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሊትሩን መወሰን የመንግሥት እንጂ የዳኛ ሥራ አይደለም ብሎ አሰናበታቸው። ብዙ የሕግ ሰዎች ይህን ፍርድ እንደ ሽንፈት ያዩታል። እኔ ግን ሰዎቹ ከሰሱ የሚለው ላይ ቆሜ እቀራለሁ። አንሶኛል ብሎ፣ የሚሰማ ዳኛ ፊት መቆም፣ ተሸንፎም ቢሆን፣ ለማኝ ከመሆን ይለያል። ከቢቸና ዙሪያ የምትኖር ሴት ጀሪካኗን ይዛ ማን ዘንድ ትቆማለች?

የእኛ ሕገ መንግሥት ንጹሕ ውሃን አልዘነጋም። ያስቀመጠበት ቦታ ግን ልብ ይባል። ሰብአዊ መብቶች የተዘረዘሩት በምዕራፍ ሦስት ነው፤ ውሃ ያለው በምዕራፍ ዐሥር፣ በአንቀጽ 90፣ ከፖሊሲ ዓላማዎች ጋር ነው፤ እዚያም የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን የሚል ልጓም አለበት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ደግሞ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን፣ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ የቤት ፍጆታ እንደሚቀድም ይደነግጋል። መቅደም ጥሩ ነው። ግን ቅድሚያ ያለው ሰውና መብት ያለው ሰው አንድ አይደሉም፤ ቅድሚያ የሚሠራው የሚከፋፈል ነገር ሲኖር ነው።

ኒው ዮርክ ያልኩትን ልጨርስ። ሐምሌ 21 ቀን 2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ቦሊቪያ ያቀረበችውን ውሳኔ ቁጥር 64/292 አጸደቀ፤ ንጹሕ የመጠጥ ውሃና መጸዳጃ የሰው መብት ናቸው የሚለውን። 122 አገሮች ደገፉ፤ የተቃወመ የለም፤ 41 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ኢትዮጵያ ከ41ዱ ውስጥ ነበረች፤ ከአሜሪካና ከብሪታንያ፣ ከኬንያና ከታንዛኒያ ጋር። ይህን የሚያውቅ የአገሬ ሰው ብዙ አይደለም። ከዚያ ሁለት ወር ተኩል ያህል ቀደም ብሎ እንቴቤ ላይ የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት መፈረም ጀምሮ ነበር፤ ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዷ ናት። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ነው የማያቸው። መንግሥት ውሃ ሲባል ወንዝ ያያል፤ ድንበር፣ ግድብ፣ ግብፅ ይታየዋል። ሴቲቱ ውሃ ሲባል የምታየው ጀሪካን ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ግን ኒው ዮርክ ላይ ወንበር አለው።

ሲሞን ቬይ የምትባለው ፈረንሳዊት እ.ኤ.አ. በ1943 ለንደን ሆና በጻፈችው መጽሐፍ ግዴታ ከመብት ይቀድማል ትላለች፤ መብት ብቻውን ምንም አያደርግም፣ ግዴታውን የሚቀበል ሌላ ሰው ሲኖር ነው የሚሠራው። በዚህ በኩል ጎጃም ከሲሞን ቬይ ጋር የሚጣላበት ነገር የለውም፤ ውሃ የመስጠት ግዴታውን ሳይነገረው ተቀብሏል። የጎደለው ግዴታው የሚጥለው ዕዳ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ መጠየቁ ነው። ግዴታ ያለ ዳኛ ሲቀር ሁልጊዜ የሚወድቀው እምቢ ማለት የማይችለው ላይ ነው።

እስካሁን ስለ ውሃ ብቻ የተናገርኩት ስለ ሌላው መናገር ስለሚከብድ ነው። የከበደው እኔን ብቻ አይደለም፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤውም ውሃና መጸዳጃን ለያይቶ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ መብት ናቸው ለማለት እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ቆይቷል። ስለ ውሃ ግጥም ይጻፋል፤ ስለ ዓይነ ምድር ማን ይጽፋል?

ወንድ ልጅ ከማሳ ዳር ገለል ቢል ዞሮ የሚያየው የለም። ሴት ግን በቀን ሜዳ አትወጣም። ወይ ጎሕ ሳይቀድ፣ ወይ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በመካከሉ ያለው 12 ሰዓት ነው፤ ቡና የሚፈላበት፣ ምሳ የሚደርስበት፣ ማሳ የሚታረምበት፣ ገበያ የሚኬድበት። አካል ደግሞ ነውር አያውቅም፤ ሰዓቱን ጠብቆ ይጠይቃል። ለዚህ ሴቶቹ ያገኙት ዘዴ አንድ ነው፤ አለመጠጣት። ለእንግዳው ትቀዳለች፣ ለባሏ ትቀዳለች፣ ለልጆቿ ትሰጣለች፤ ራሷ ከንፈሯን አርጥባ ትተወዋለች። ምንጭ ወርዳ 25 ኪሎ ውሃ አዝላ የወጣችው ሴት ያንን ውሃ ለመጠጣት ማታን ትጠብቃለች። ማታ ደግሞ ጅቡም ክፉ ሰውም የሚወጣበት ነው። ስለ ውሃና ስለ መጸዳጃ የተጻፉትን ሰነዶች ሁሉ ባንድ ላይ ብናስራቸው በዚህች አንዲት ሴት አካል ውስጥ ከሚገናኙት በላይ አይገናኙም። ውሃው ደጇ ድረስ ቢመጣላትና ጓሮዋ ሽንት ቤት ባይኖር፣ ጥማቷ እንዳለ ነው።

የዘርዓ ያዕቆብ ነው የሚባለው ሐተታ፣ ጸሐፊው ማንም ይሁን ማን፣ የሴትን የወር አበባ ርኩስ የሚያደርገውን ሕግ ይሞግታል፤ ፈጣሪ በተፈጥሮ ያኖረውን ሰው ርኩስ ሊለው አይችልም በማለት። ያን ሙግት ወደ ጓሮ ወስዶ የቀጠለ ፈላስፋ ግን አላገኘሁም። የቀጠሉት የሁለት እጁ እነሴ ሴቶች ናቸው፤ በዶማ።

ነገሩ የጀመረው በዓይን በሽታ ነው። አማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ፣ አገሬው ማዝ የሚለው፣ እጅግ ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በሽታው ሲደጋገም የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይገለበጣል፤ ሽፋሽፍቱ በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል። እናቶቻችን በአንገታቸው ወረንጦ አንጠልጥለው ይዞሩ የነበረው ለእሾህ ብቻ አልነበረም፤ እርስ በርስ የዓይን ፀጉር ይነቃቀሉበት ነበር። በሽታውን ከሚያዛምቱት ዝንቦች ዋነኛው የሚራባው ሜዳ ላይ በወደቀ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ አይራባም። ስለዚህ የክልሉ ጤና ቢሮና የካርተር ማእከል የትራኮማ ዘመቻ ሲጀምሩ ሽንት ቤት ማስቆፈር ከሥራው አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2004 ዕቅዱ 10 ሺህ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ የተቆፈረው ከ80 ሺህ አለፈ። ሞጣን ዋና ከተማው ያደረገው ሁለት እጁ እነሴ ሥራው ከተጧጧፈባቸው ወረዳዎች አንዱ ነበር።

ዕቅድ ስምንት እጥፍ ሲያልፍ ያቀደው ሰው አንድ ነገር አላወቀም ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በ100 ዓመታቸው ያረፉት የማእከሉ መሥራች ጂሚ ካርተር ምክንያቱን በየመድረኩ ያወሩ ነበር፤ በሽንት ቤት ሠሪነታቸው ራሳቸው ላይ እየቀለዱ። ሴቶቹ ናቸው ይሉ ነበር፤ በቀን መውጣት የተከለከሉት ሴቶች ነገሩን የራሳቸው አደረጉት። ዘመቻው የመጣው ስለ ዝንብ ሊያስተምር ነው፤ እነሱ የሰሙት ስለ ቀን ነው። ከጤና ባለሙያው ያልተነገራቸውን ነገር ወሰዱ። ኒው ዮርክ ላይ እጅ ከመውጣቱ ከስድስት ዓመት በፊት ነው ይህ የሆነው፤ መንግሥታቸው ድምፀ ተአቅቦ ባደረገበት ነገር እነሱ ቀድመው ወስነው ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ያምር ነበር፤ ግን ከሞጣ ብዙ ሳይርቅ፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ፣ ሌላም ነገር ተገኝቷል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና የካርተር ማእከል ተመራማሪዎች ንዑስ ቀበሌዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ሁሉም አዚትሮማይሲን የተባለውን የትራኮማ መድኃኒት ወሰዱ፤ ግማሾቹ ላይ በተጨማሪ የሽንት ቤት ዘመቻ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ውጤት ዘመቻው በተካሄደባቸው ሽንት ቤቱ በዝቷል፤ ኢንፌክሽኑ ተመልሶ በመምጣቱ ላይ ግን በሁለቱ ወገን መካከል ልዩነት አልታየም። በኋላም ዋግ ኽምራ ላይ ውሃ ነጥቦችን ጭምር ገንብቶ የተደረገ ሙከራ በ2022 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ይህ ሽንት ቤት ለምንም አይረባም ማለት አይደለም፤ ተቅማጥም ኮሌራም አለ፤ ማዝም ቶሎ የሚለቅ በሽታ አይደለም። ግን የልማት ቋንቋ ለለመደ ሰው አስደንጋጭ ውጤት ነው። ሽንት ቤት የምንሠራው በሽታ ስለሚቀንስ ነው ብለን ኖረናል። አልቀነሰም ብንባል እንተወዋለን?

እኔ ይህን ጥናት ከብዙ የመብት መግለጫዎች አስበልጬ የማከብረው ለዚህ ጥያቄ ሲል ነው። ቤት በር እንዲኖረው የሚፈለገው ጉንፋን ይቀንሳል ተብሎ አይደለም፤ በር የሌለውን ቤት ሰው ቤቴ ሊለው ስለማይችል ነው። ነገርን በጥቅሙ ብቻ ስናስረዳ፣ ጥቅሙ በሙከራ ያልተረጋገጠ ዕለት ነገሩም አብሮ ይወድቃል። መብት ያልነው ግን ሙከራው ምንም ቢያሳይ የማይወድቀውን ነው። ለገንዘብ ሰጪው ሴትየዋ የዝንብ መንገድ ናት፤ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ የሽፋን መቶኛ ናት፤ ለራሷ ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይን የምታይ ሰው ናት። የሁለት እጁ እነሴ ሴቶች የቆፈሩበት ምክንያት የቱም ሙከራ ሊያፈርሰው አይችልም።

የሚያፈርሰው ሌላ ነው፤ አፈር። ቢቸና ዙሪያ ያለው መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፤ ለጤፍ ወርቅ ነው፤ ለጉድጓድ ጠላት ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ የጉድጓዱን ግድግዳ ይገፋዋል። በጥር የተቆፈረ ሽንት ቤት ነሐሴ ላይ አንድ ጎኑ ይናዳል፤ ወለል የሆነውን የባሕር ዛፍ እንጨት ምስጥ ሲጨርሰው ሌላውም ይከተላል። ልጅ ይገባበታል ተብሎ በእሾህ ይዘጋል። በድንጋይ የተገነባ ጉድጓድ ይቆማል፤ ድንጋዩ ግን ከሩቅ ነው፤ ግንበኛውም ይከፈለዋል። ይህን ለአገሬው ገበሬ የሚነግረው አያስፈልግም። ሪፖርቱ ነው የማያውቀው።

ምክንያቱም ሪፖርት የሚቆጥረው የተሠራውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ እንደቆጠሩት እ.ኤ.አ. በ1990 ከ100 ኢትዮጵያውያን 92ቱ ሜዳ ላይ ይጸዳዱ ነበር፤ በ2015 ቁጥሩ ወደ 29 ወርዷል። ይህ በጥቂት አገሮች ብቻ የታየ ለውጥ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ፣ አብዛኞቹ ከዚያው ቀበሌ የወጡ ወጣት ሴቶች፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ያመጡት ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ቀበሌው ከሜዳ ላይ መጸዳዳት ነፃ ሲባል ባንዲራ ይሰቀላል። ጉድጓዱ በክረምት ሲናድ ግን ባንዲራውን የሚያወርድ የለም። ተሠራ የሚል ቅጽ አለ፤ ተናደ የሚል ቅጽ የለም። ሴትየዋ ወደ ማታው ስትመለስ በየትኛውም ሰነድ ላይ አይታይም። ዘመቻና መብት የሚለያዩትም እዚህ ነው፤ ዘመቻ መጨረሻ ቀን አለው።

ይህን የሚያነብ የወረዳ ባለሙያ በጀቱን አውጥቶ እንደሚያሳየኝ አውቃለሁ። አቅም በፈቀደ መጠን ነው፤ ሕገ መንግሥቱም ብሏል። እውነቱን ነው፤ በጀቱ ደመወዝ ከፍሎ ሲያበቃ የሚተርፈው ለአንድ ሞተር ጥገና እንኳ ላይበቃ ይችላል። በየጓሮው በድንጋይ የተገነባ ጉድጓድ ስጥ አልለውም። ስለ ገበያው ግን እጠይቀዋለሁ። በገበያ ቀን ከየቀበሌው ቅቤ፣ እንቁላል፣ ጌሾ፣ ጤፍ የያዙ ሴቶች ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ከተማ ይገባሉ። መሬት ላይ ተዘርግቶ የሚሸጥበት ቦታ ይከፈልበታል፤ ደረሰኝ ቆራጩ በጠዋት ይዞራል፤ ከአንዷም አያልፍም። ሴቶቹ ሽጠው፣ ጨውና ሳሙና ገዝተው እስኪመለሱ ከቤታቸው ይርቃሉ፤ ከተማው ጓሮ የለውም፤ ጫካ የለውም፤ የሚያውቁት ቤት የሌላቸው መግቢያ የላቸውም። ስለዚህ ከሌሊቱ ጀምረው ምንም አይጠጡም። ደረሰኙን ለመቁረጥ በጀትም ሰውም ተገኝቷል፤ አቅሙ ፈቅዷል። በዚያው ገንዘብ በገበያው ጥግ በር ያለው፣ ውሃ የሚሞላለት፣ ጽዳት የተቀጠረለት ሽንት ቤት ያልቆመው ለምን እንደሆነ ግን እነዚያ ሴቶች ሊጠይቁት የሚችሉት፣ ጠይቀውም መልስ የሚያገኙበት መስኮት በየትኛው ቢሮ እንዳለ ባለሙያው ይንገረኝ።